አምፖሉን አትንቀሉት



ዛሬ የምናገረው ዳሽቦርድ ላይ ስለሚበሩት ትንንሽ የማስጠንቀቂያ መብራቶች ነው። በምሳሌነት የምይዘውም ሁላችሁም የምታውቁትን አሮጌውን ቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፕ ነው። ሃይሉክስ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። እኔ የማወራላችሁ ግን እህልና ሲሚንቶ ጭነው ዛሬም ዳገቱን ስለሚወጡት ባለ ናፍጣዎቹ ነው፤ ባለ 2.4 ሊትሩ ቱኤል፣ ባለ 2.8 ሊትሩ ስሪኤል፣ ባለ 3 ሊትሩ ፋይቭኤል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ገደማ ወዲህ የመጣው ዲፎርዲም ቢሆን አሁን አርጅቷል። ብዙ ቤተሰብ እንጀራ የሚበላው በእነዚህ መኪኖች ነው። ሞተር ሲወርድ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያም አብሮ ይጎድላል።

መብራት ሲበራ ሰው የሚያደርገውን አይቻለሁ። አንዱ ይደነግጥና መካኒኩ የጠራለትን ዕቃ በሙሉ ገዝቶ ያስቀይራል፤ መብራቱ ግን አይጠፋም። ሌላው «እሱ ሁሌም ይበራል፣ ተወው» ብሎ ይነዳል። ሌላው ደግሞ ዳሽቦርዱን አስፈትቶ አምፖሉን ያስነቅላል፣ ወይም በጥቁር ፕላስተር ያስሸፍነዋል። ሁሉም የሚሳሳቱት መብራቱ ምን እያለ እንደሆነ ሳይጠይቁ ስለሚያልፉ ነው።

መብራቱ «ይህ ዕቃ ተበላሸ» አይልም። የሚናገረው እሱን የሚያበራው ስዊች መዘጋቱን ብቻ ነው። በአሮጌዎቹ ፒካፖች የአብዛኞቹ መብራቶች አሠራር ቀላል ነው። ቁልፉ ሲዞር ኤሌክትሪክ በፊውዝ አልፎ አምፖሉ ጋ ይደርሳል። ከአምፖሉ ሌላኛው ጫፍ የሚወጣው ሽቦ ደግሞ ወደ አንድ ስዊች ይሄዳል፤ ስዊቹ ሲዘጋ ሽቦው ከማሳ፣ ማለትም ከመኪናው ብረት ጋር ይገናኝና መብራቱ ይበራል። ኮምፒውተር የለበትም፤ ምሥጢርም የለበትም። እንግዲህ መብራት በበራ ቁጥር መጠየቅ ያለብን፣ ስዊቹ የት ነው፣ ምን ሲሆን ይዘጋል፣ እስከዚያ ድረስ ያለው ሽቦስ ደህና ነው ወይ ብለን ነው። ዕቃ መግዛት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አምፖሎቹ በቦታቸው መኖራቸውን እንወቅ። ቁልፉን «ኦን» ላይ አድርጉና ሞተሩን ሳታስነሱ ዳሽቦርዱን ተመልከቱ። የዘይቱ፣ የባትሪው፣ የተጠቀለለ ሽቦ የሚመስለው የካንዴላ ማሞቂያው፣ የእጅ ፍሬኑ ከተሳበ የፍሬኑም መብራት መብራት አለባቸው። በብዙዎቹ ላይ የናፍጣ ፊልትሮውና የታይሚንግ ቺንጋው መብራትም አብረው ይታያሉ። የካንዴላው የብልሽት ምልክት አይደለም፤ እስኪጠፋ ጠብቃችሁ አስነሱ ማለት ነው። ሌሎቹ ሞተሩ ሲነሳ፣ የእጅ ፍሬኑም ሲለቀቅ ይጠፋሉ። «ኦን» ላይ ጨርሶ ያልበራ መብራት ካለ ደስ አይበላችሁ። ወይ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይ ሽቦው ተቆርጧል፣ ወይ ደግሞ የሆነ ሰው ነቅሎታል።

አሮጌ ፒካፕ ልትገዙ ስትሄዱ ይህን አደራ እላለሁ። ሻጩ ወይም ደላላው ሞተሩን አስነስቶ ከጠበቃችሁ አስጠፉት፤ ቁልፉን ራሳችሁ «ኦን» ላይ አዙራችሁ መብራቶቹን ቁጠሩ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ንዱት። ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ያለቀ ሞተርም ቢሆን ጠዋት ጠዋት ጥሩ ግፊት ያሳያል፤ ሞቆ ቆሞ ሲሠራ ነው እውነቱ የሚወጣው። የባሰ ተንኮልም አለ። የነቀሉትን የዘይት መብራት ሽቦ ከባትሪው መብራት ጋር ያስሩትና አብሮ እንዲበራ፣ አብሮም እንዲጠፋ ያደርጉታል። ይህን የምታጋልጡት ቁልፉ «ኦን» ላይ ሆኖ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ከዘይት ስዊቹ ላይ ሽቦውን በመንቀል ነው። ሽቦው ሲነቀል መብራቱ መጥፋት አለበት፤ ጫፉን የሞተሩን ብረት ስታስነኩት ደግሞ ተመልሶ መብራት አለበት። እንዲህ ካላደረገ ሽቦው የሚሄደው ወደ ስዊቹ አይደለም፤ ወይም መንገድ ላይ ተልጦ ማሳ እየነካ ነው።

ከዘይቱ ከጀመርን እሱን እንጨርስ። የዘይት ስዊች ሞተሩ ላይ የተጠመደ፣ አንድ ሽቦ ብቻ ያለው ትንሽ ዕቃ ነው። የሚለካው የዘይቱን መጠን ሳይሆን ግፊቱን ነው። ግፊቱ ከ0.3 ባር ገደማ በታች ሲወርድ ይዘጋና መብራቱን ያበራል። ይህ ቁጥር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ልብ በሉ፤ እነዚህ ሞተሮች በደቂቃ 3,000 ዙር ሲሽከረከሩ ሊኖራቸው የሚገባው ግፊት ከ2.5 ባር አይወርድም። መብራቱ የሚበራው ግፊቱ ጨርሶ ሊጠፋ ሲል ነው ማለት ነው። ስለዚህ የዘይት መብራት የሕመም ወሬ አያደርስም፤ እንደ ዕድር ጡሩንባ የሚሰማው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። እየነዳችሁ ከበራ «እስከ ነዳጅ ማደያው ልድረስ» ማለት አይቻልም። ዳር ያዙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ዲፕስቲኩን አውጥታችሁ እዩ።

ዘይቱ ጎድሎ ከሆነ ሙሉና የፈሰሰበትን ፈልጉ። ሙሉ ሆኖ ሳለ መብራቱ ከበራ፣ በተለይም ሞቆ ቆሞ ሲሠራ እየበራ ጋዝ ሲሰጠው የሚጠፋ ከሆነ፣ መካኒኩ ስዊቹን ነቅሎ በቦታው የግፊት መለኪያ ጌጅ ይጠምድ። ጌጁ ጥሩ ግፊት ካሳየ ጥፋቱ የስዊቹ ነው፤ ርካሽ ዕቃ ነው፣ ቀይሩት። ጌጁም ዝቅተኛ ካሳየ የክራንክ ሻፍቱ ኩሽኔታ አልቋል፣ ወይም ፖምፓው ደክሟል፣ ወይም ከኮፓው ዘይት የሚመጥጠው ወንፊት ተደፍኗል። ዲፎርዲ የያዛችሁ ይህን የመጨረሻውን አጥብቃችሁ ያዙ። በዚያ ሞተር ላይ የኢንጀክተሮቹ መቀመጫ ሲል ሲያልቅ የተቃጠለ ጭስ ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይገባል፤ ዘይቱ ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ ጥቀርሻው ወንፊቱን ይደፍነዋል። እንዲህ ሆኖ የበራ የዘይት መብራት በዘይት ቅየራ ብቻ አይድንም። ኮፓው ወርዶ ወንፊቱ ይታይ፤ የኢንጀክተሮቹ ሲሎችም ይቀየሩ።

አሁን ወደ ባትሪው መብራት እንሂድ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ሰው ሁሉ የሚንቀው እሱን ነውና።

ብዙ ሹፌር ይህን መብራት ሲያይ «ባትሪዬ ደከመ» ይልና ባትሪ ይገዛል። መብራቱ ግን የዲናሞው ነው። የአምፖሉ አንዱ ጫፍ ከቁልፉ 12 ቮልት ያገኛል፤ ሌላው ጫፍ ዲናሞው ላይ ታስሯል። ዲናሞው ሳያመነጭ ሲቀር ያ ጫፍ ማሳ ያገኝና መብራቱ ይበራል። ማመንጨት ሲጀምር በሁለቱም በኩል እኩል ቮልቴጅ ስለሚሆን ኤሌክትሪክ የሚፈስበት አቅጣጫ ያጣና መብራቱ ይጠፋል። የሚመረመረውም በቴስተር ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የቆየ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ካሳየ ዲናሞው ደህና ነው። ሞተሩ እየሠራም ከ12.6 ፈቀቅ ካላለ ዲናሞው አያመነጭም። ባትሪ ብትቀይሩ አዲሱም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይሞታል።

አንድ ነገር ደግሞ እዚህ አለ፤ ብዙ ሰው ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰበት። በእነዚህ የቶዮታ ናፍጣ መኪኖች ላይ የባትሪው፣ የፍሬኑና የናፍጣ ፊልትሮው መብራቶች አንድ ላይ፣ ብዙ ጊዜም ደብዘዝ ብለው ይበራሉ። ሹፌሩ ይጨነቃል። ፍሬን ያስፈትሻል፣ ፊልትሮ ይቀይራል፣ ባትሪ ይገዛል። ሦስቱ ግን በአንድ ቀን አልተበላሹም። ፋብሪካው «ኦን» ላይ አምፖሎቹ እንዲፈተሹ ብሎ የእነዚህን መብራቶች ሽቦ በዳዮድ በኩል ከዲናሞው መብራት መስመር ጋር አገናኝቶታል። ዲናሞው ሲደክም ማሳው በዚያ መስመር ይመለስና ሁሉንም ያበራቸዋል። የማይዛመዱ መብራቶች አብረው ከበሩ መጀመሪያ ዲናሞውን ተመልከቱ። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ያለቀ ካርቦን ነው። አዲስ ሲሆን ወደ 1 ሴንቲ ሜትር የሚወጣው ካርቦን ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ቀለበቱን በደንብ አይነካም። ካርቦን መቀየር የአንድ ኤሌክትሪሻን የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ሙሉ ዲናሞ ግዙ ከመባላችሁ በፊት ይፈታና ይታይ።

ሲፈታ ደግሞ ውስጡ በዘይት መራሱን አለመራሱን አስተውሉ። በቱኤል፣ በስሪኤልና በፋይቭኤል ሞተሮች ላይ ከዲናሞው ጀርባ ቫኪዩም ፓምፕ ተጣብቋል፤ የሚዞረውም በዲናሞው ዘንግ ነው። የሚለሰልሰው በሞተሩ ዘይት ስለሆነ መሐል ያለው ሲል ሲያልቅ ዘይቱ ወደ ዲናሞው ይገባና ካርቦኑን ያበላሻል። ሲሉን ሳይቀይር ካርቦኑን ብቻ የቀየረ ሰው በቅርቡ ተመልሶ ይመጣል።

የቫኪዩም ፓምፑ ጉዳይ ግን ከካርቦን የሚበልጥ ነው፤ የሰው ሕይወት አለበት። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ በራሱ ቫኪዩም ይፈጥራል፤ የፍሬኑን ፔዳል የሚያቀልለው ሰርቮም በዚያ ይሠራል። የናፍጣ ሞተር እንዲህ ያለ ቫኪዩም የለውም፤ ስለዚህ ፓምፕ ተሠራለት። አሁን ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጠሰ እንበል። ዲናሞው ይቆማል፣ የባትሪው መብራት ይበራል። ከዲናሞው ጋር ቫኪዩም ፓምፑ ይቆማል። ያው ቺንጋ የሚያዞረው የውሃ ፖምፓና ፋንም አብረው ይቆማሉ። ሞተሩ ግን አይጠፋም! የእነዚህ ሞተሮች የናፍጣ ፖምፓ በሜካኒካል ስለሚሠራ ባትሪው ውስጥ ያለችው ትንሽ ኤሌክትሪክ ለረጅም ጊዜ ትበቃዋለች። ሹፌሩም «መብራቱ የባትሪ ነው፣ መኪናው ይሄዳል፣ ከተማ ስደርስ አሳየዋለሁ» ይላል።

ይህ ነገር ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ የሚደርስበትን ሰው አስቡት። ከ1,000 ሜትር በላይ የሆነ ቁልቁለት ነው፤ መኪናው ጭነት ይዟል። ሰርቮው ያጠራቀመው ቫኪዩም ጥቂት ጊዜ ፍሬን ለመርገጥ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ፍሬኑ ጨርሶ አልጠፋም፤ መኪናውን ለማቆም ግን ሰውየው ባለ በሌለ ኃይሉ መርገጥ አለበት፤ ያን የሚያውቀውም ኩርባው ላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ሞተሮች ቁልቁለት ላይ የባትሪው መብራት ድንገት ከበራ ፍሬኑን ደጋግማችሁ እየነካካችሁ ያለውን አትጨርሱት። ማርሽ ቀንሱ፣ ሞተሩ ይያዝላችሁ፤ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ረግጣችሁ ዳር አቁሙና ኮፈኑን ክፈቱ። ቺንጋው በቦታው ካለና ካልላላ፣ ፔዳሉም እንደወትሮው ቀላል ከሆነ ጉዳዩ የኤሌክትሪክ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቺንጋው ከሌለ መኪናው አይነቃነቅ። ትርፍ ቺንጋ መኪና ውስጥ ሳይዝ ረጅም መንገድ የሚወጣ የአሮጌ ፒካፕ ሹፌር ሊኖር አይገባም።

የሙቀቱን ነገር በአጭሩ ልንካው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት ጌጅ የሚለካው ሴንሰሩን የነካውን ውሃ ነው። ውሃው ፈስሶ ካለቀ ሴንሰሩ አየር ላይ ይቀርና መርፌው ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ቴስታታው ውስጥ ውስጡን እየተቃጠለ። ሌላም አለ። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ ውሃ ክፍት ዕቃ ላይ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ስለዚህ በደጋ አገር ያለቀ የራዲያተር ክዳን ትንሽ ነገር አይደለም።

የናፍጣ ፊልትሮው መብራት ብቻውን ከበራ ጉዳዩ ውሃ ነው። ከፊልትሮው ሥር ያለ ተንሳፋፊ ስዊች ውሃው ሲጠራቀም ይዘጋል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታች ይቀመጣል፤ በበርሜልና በጀሪካን የተቀዳ ናፍጣ ይዞት ይመጣል፣ በብርድ አገር በግማሽ ጎድሎ የሚያድር ታንክም ግድግዳው ላይ ያልበዋል። የናፍጣ ፖምፓና ኢንጀክተር የሚለሰልሱት በናፍጣው ራሱ ስለሆነ ውሃ ሲገባ ብረት ከብረት ይፋጫል። መፍትሔው የመንገድ ዳር ሥራ ነው። ከፊልትሮው ሥር ዕቃ አስቀምጡ፣ የማፍሰሻውን ብሎን ሁለት ዙር ያህል አላሉት፣ ከላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወርድ ግፉ፣ አጥብቁት። ውሃው ደጋግሞ ከመጣ ታንኩ ይወርድና ይታጠብ፤ ናፍጣ የምትቀዱበትንም ቦታ ቀይሩ።

የታይሚንግ ቺንጋው መብራት ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል፤ ስዊቹ ሞተሩ ላይ አይደለም። ቺንጋውን አያይም፣ አይነካም። የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በአሮጌዎቹ ኤል ሞተሮች 100,000 ሲሞላ፣ በብዙዎቹ ዲፎርዲዎች ደግሞ 150,000 ሲሞላ ይበራል። ዳሽቦርዱ በሌላ መኪና ዳሽቦርድ ከተቀየረ ቆጠራው ይጠፋል። ቺንጋው ሳይቀየር መብራቱ ብቻ ሊጠፋም ይችላል፤ እንደ ሞዴሉ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ብሎን በማዛወር ወይም በኪሎ ሜትር ቁልፉ ዜሮ ይደረጋል። አንዳንድ ጋራዥ ይህን አድርጎ «ጨርሰናል» ይላል። ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ፤ የቺንጋ ዋጋ የነበረው የሞተር ዋጋ ይሆናል። አሮጌ ፒካፕ ስትገዙ ቺንጋው የተቀየረበት ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። ቀይራችሁ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በወረቀት ጽፋችሁ ኮፈኑ ሥር ለጥፉ።

የፍሬኑ መብራት የእጅ ፍሬን ሲሳብ ይበራል፤ የእጅ ፍሬኑ ተለቅቆም ከበራ የፍሬን ዘይቱ ጎድሏል። መጀመሪያ የሚታየው በዳገትና በኩርባ ላይ ብልጭ ሲል ነው፤ ዘይቱ ዘንበል ሲል ተንሳፋፊው ይወርዳል። እዚህ ላይ የለመድነው ስሕተት ዘይት ጨምሮ መሄድ ነው። የፍሬን ዘይት እንደ ናፍጣ አይቃጠልም። የጎደለው ወይ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ስለሆነ ነው፣ ወይ የፍሬን ሸራው ስላለቀ ፒስተኖቹ ወጥተው ዘይቱ እነሱን ስለተከተለ ነው። ዘይት ጨምራችሁ መብራቱን ስታጠፉ ሸራው ማለቁን የሚነግራችሁን ዝም አሰኛችሁት። ጎማዎቹ ይውለቁ፣ ሸራው ይታይ፣ የጎማዎቹ ውስጠኛ ጎን መራሱ ይታይ። ኤቢኤስ ያለው መኪና ላይ የኤቢኤሱ መብራት ብቻ ከበራ ተራው ፍሬን ይሠራል፤ ከቀዩ የፍሬን መብራት ጋር አብሮ ከበራ ግን ቁሙ።

ዲፎርዲ ያላችሁ የሞተር ምልክት ያለው ቢጫ መብራት አላችሁ። እሱ በኮምፒውተር ስለሚታዘዝ የሚነበበው በማሽን ነው። ማሽኑ የሚሰጠው ኮድ ግን ፍርድ አይደለም። ለምሳሌ ፒ 0087 የሚለው ኮድ የሚናገረው በኢንጀክተሮቹ መስመር ያለው የናፍጣ ግፊት ከሚፈለገው በታች መሆኑን ነው፤ ፖምፓው ሞቷል አላለም። የተደፈነ ፊልትሮ፣ አየር የሚስብ ቱቦ፣ የደከመ የፖምፓ መቆጣጠሪያ ቫልቭ፣ ናፍጣውን ወደኋላ የሚመልስ ኢንጀክተር፣ ሁሉም ይህንኑ ኮድ ያመጣሉ። ምርመራው ከርካሹ ይጀምር፤ ፊልትሮ ሳይቀየር ፖምፓ አይታዘዝ። ኮዱን አጥፍቶ «ተሠራ» ማለትም አምፖል ከመንቀል አይለይም።

ወጣት መካኒኮች፣ በእናንተ እጅ ብዙ ነገር አለ። ደንበኛ መጥቶ «ይቺን መብራት ንቀልልኝ» ሲላችሁ ገንዘቡን ብላችሁ አታድርጉት፤ ቀጥሎ ያንን መኪና የሚነዳው ሌላ ሰው ነው፣ ስለ ነቀላችሁት አምፖል የሚነግረው የለም። ሹፌሮችና ባለንብረቶች ደግሞ ነገ ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ቁልፉን «ኦን» ላይ አቁማችሁ መብራቶቹን አንድ በአንድ ተመልከቱ። የጎደለ ካለ ከሌላ ጥገና ሁሉ በፊት እሱን አስገጥሙ።